በኖራ ሥር የተቀመጡት

ዘንድሮ ገና ሊገባ ሰሞን፣ ፎቅ የሚያሠራው ጎረቤቴ ጉድጓድ አስቆፍሮ ኖራ አስበረደና፣ ድንጋዩ ውኃ ሲነካው የሚተፋው ያ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ አጥሩን ተሻግሮ በረንዳዬ ድረስ መጣ። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ፣ የልጅ ልጆቼ ከገበያ ያመጡትን የቻይና መብራት በመስኮቱ ዙሪያ እየሰቀልኩ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ እጄ ባለበት ቀረ፤ የሆነ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ የሚያየኝ መሰለኝና ዞር አልኩ። ከኋላዬ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንባቢ ማን እንደሚያወራው ቢያውቅ ይሻላል። እኔ አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ተወልጄ ያደግኩ፣ ጅጅጋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በዕቃ ፉርጎዎች ጎን ላይ ከተጻፈው ነው፤ አማርኛውን ከፈረንሳይኛው ጋር እያስተያየሁ ሁለቱንም ባንድ ላይ ለቀምኳቸው፤ ማንም አላስቆጠረኝም፣ ማንም አልቀጣኝም። ሶማልኛዬን የሰማ እንግዳ ሰው ጎሳዬን ይጠይቀኛል። የቤቴን ውኃና መብራት የዘረጋሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ በሰፈራችን ቧንቧ የፈነዳበት ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የኔን በር ነው፤ ባልና ሚስት የተጣሉ እንደሆነም እንደዚያው። ወጣቶቹ «ኦዳይ» ብለው ይጠሩኛል፣ በሶማልኛ ሽማግሌያችን እንደ ማለት ነው። ይህን ጉራ የሚል ካለ ይበል፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። ባላየሁት ነገር ፈርቼ አላውቅም፣ ያላጣራሁትንም አውርቼ አላውቅም፤ ስለዚህ የምናገረውን የሽማግሌ ቅዠት ነው ብሎ ማንም እንዳያልፈው።

ቤታችን ከጣቢያው ሕንፃ ጀርባ ለሐዲድ ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የመጨረሻው ነበር፤ ከሱ ወዲያ ያለው ጠጠር፣ እሾህና ንፋስ ብቻ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ሥር አባቴ ከአሮጌ ፉርጎ ጣውላ የሠራው ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ማታ ከሥራ ሲገባ እጁንና ፊቱን ታጥቦ፣ ግን የሐዲድ ግራሶ የጠጣውን ልብሱንና ፀጉሩን ሳያስለቅቅ እዚያ ላይ ይቀመጥና ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ ሻይ ይጠጣ ነበር። እናቴ ግድግዳውን አበላሸኸው ስትለው፣ ለበዓል ኖራ ይቀባ የለም ወይ ይላት ነበር። ረጅም ሰው ነበር፤ ተቀምጦ እንኳን እናቴ ቆማ የምታህለውን ያህል ነበር።

ሶማሌዎቹ ካራን የሚሉት የክረምት ዝናብ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ምድር ባቡር ለሠራተኛው ኖራ በበርሜል ያድል ነበር። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ይሆናል። እናቴ ኖራውን አንድ ሌሊት አሳድራ፣ ጨው ጨምራ፣ ለነጭ ልብስ የሚሆነውን ሰማያዊ ዱቄት በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ትበትንበትና፣ ነጩ የበለጠ ነጭ እንዲመስል አድርጋ በቃጫ ብሩሽ ትቀባው ነበር። እኅቴ ጥሩነሽ፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ፣ መንገደኞች ከባቡር መስኮት የሚጥሉትን የሲጋራ ፓኮ ከሐዲዱ ዳርና ዳር እየለቀመች፣ ውስጡን ያለውን ብርማ ወረቀት በጥፍሯ አለስልሳ፣ ቀለበት በቀለበት አያይዛ ረጅም ሰንሰለት ትሠራ ነበር። እኔ ከጅቡቲ የሚመጣውን የሰርዲን ቆርቆሮ በመቀስ እየቆረጥኩ ኮከብ አወጣለሁ፤ በሰፈሩ ከኔ የተሻለ ኮከብ የሚቆርጥ አልነበረም፣ ትልልቆቹም ጭምር። ገና ሲደርስ ደግሞ አባቴ ከሜዳው የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦ ያመጣና፣ በየእሾሁ ጫፍ ላይ ጥጥ እንሰካበታለን፤ በመጨረሻም ቀይና አረንጓዴ መስታወት ያለውን የምልክት ፋኖሱን አብርቶ ይሰቅለዋል። ወተት የምታመጣልን ጎረቤታችን ኤዶ ሐሊማ ያን ለማየት ልጆቿን ይዛ ትመጣ ነበር፤ በዒድ ደግሞ እኛ እሷ ዘንድ ሄደን ራሷ የሠራቻቸውን ቀይና ጥቁር ሰሌኖች በየግድግዳው ተሰቅለው እናያለን። ኤዶ ማለት በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ለኛም አክስት ነበረች።

አባቴ የሞተው በካራን መጨረሻ ነው። ሰማዩ በኛ በኩል ጠርቶ ወደ ደጋው ግን ጠቁሮ በዋለበት ቀን፣ ድልድዩን ሊያይ በእጅ የሚገፋውን የሐዲድ ጋሪ ይዞ ሄደና፣ ደረቅ የነበረው ወንዝ በድንገት ሞልቶ ወሰደው። ጋሪው ፍሬኑ ተይዞ ሐዲዱ ላይ እንደቆመ፣ ኮቱም በላዩ ተጣጥፎ ተገኘ፤ ኮቱን ለምን አውልቆ እንዳጣጠፈው ማንም ሊናገር አልቻለም። እሱን ወንዙ ከወረደ በኋላ ከታች አሸዋ ውስጥ አገኙትና ከጣቢያው ማዶ ከግራሮቹ ሥር ቀበርነው። በኛ ሰፈር ሰው የሞተበት ቤት ዓመት ሳይሞላው ኖራ አይነካውም ነበርና፣ በዚያ እንቁጣጣሽ ሰፈሩ ሁሉ ሲነጣ የኛ ቤት ብቻ ረድፉ ጫፍ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ጠቁሮ ቆመ። እናቴ አግዳሚው ላይ እንዳንቀመጥ ከለከለችን። አትቀመጡ ስትል ቁጣ አልነበራትም፣ ሰው የያዘውን ቦታ እንደምትከለክል ዓይነት ነበር።

ዓመቱ ሞልቶ፣ ሙት ዓመቱ ወጥቶ ቀጣዩ መስከረም ሲመጣ፣ እናቴ ኖራውን በጠበጠች። ቤቱን እንዳለ ቀባነው፤ ከበሩ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ደጋግመን ቀባነው፤ በእንቁጣጣሽ ጠዋት ዓይን የሚያስጨፍን ነጭ ሆነ። በመስቀል ሰሞን ግን ከአግዳሚው በላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቢጫ ነገር ታየ። ጥቅምትን እየጎላ ሄዶ ኅዳር ሲገባ ራስና ትከሻ ሆነ። አባቴ በሕይወት ሳለ ያ እድፍ እድፍ ብቻ ነበር፣ ዓይናችንም አያርፍበትም ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን የተቀመጠ ሰው ሆነ። እናቴ እንደገና ቀባችው። ሲደርቅ ነጭ ይሆናል፤ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ራሱ፣ ትከሻው፣ አንገቱን ወደ ግራ ጣል የሚያደርግባት ያች አመሉ እንኳን ሳትቀር ትመጣለች።

ሰፈሩ ውስጥ ወሬው ሄደ። ሴቶች ቤታችን ሲመጡ ለግድግዳው ጀርባቸውን ሰጥተው መቀመጥ ጀመሩ፣ ከዚያም መምጣቱን ተዉት። ኤዶ ሐሊማ ግን አልቀረችም፤ ወተቷን አስቀምጣ ግድግዳውን ትክ ብላ ካየችው በኋላ፣ ትልቁን ሰሌኗን ልታውሰን፣ እሱን እንድንሰቅልበት ለእናቴ ነገረቻት። እናቴ አመስግና እምቢ አለች። ኤዶ ሐሊማም ስትወጣ፣ «አስካለ፣ ልጆች አሉሽ፤ እሱ ወዳለበት አትጠጊ» አለቻት።

ከዚያ የባሰው መጣ። ከአባቴ ራስ አጠገብ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛ ራስ መውጣት ጀመረ። ያየችው ጥሩነሽ ናት፤ እጄን ይዛ ወደ ደጅ ጎትታ ካወጣችኝ በኋላ ነው የተናገረችው። «እማዬን እየጠራት ነው፤ ቦታ እያዘላት ነው» አለችኝ። እውነትም እናቴ በዚያ ሰሞን ከስታ ነበር፣ ምግብ ስታቀርብልን ለራሷ አታቀርብም ነበር፣ ስንጠራትም ከሩቅ እንደምትመጣ ሁሉ ዘግይታ ነበር የምትመልሰው። ጥሩነሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ስታልፍ ዓይኗን ጨፍና፣ ሌላኛውን ግድግዳ ታክካ ነበር የምትሮጠው። እኔ አልሮጥኩም። እኔ ቆሜ አየሁት፤ በማየቴም አንድ ነገር አገኘሁ። ጥሩነሽ ወለሉን ውኃ ስትረጭ ወደ ግድግዳው የተፈናጠረው ጠብታ ነጩን ኖራ እንደ መስታወት ያደርገውና ከሥሩ ያለውን ያሳያል፤ ውኃው ሲደርቅ መልሶ ይነጣል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በዚያ ዕድሜዬ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የጣቢያው ሹም መጣ። ሰው ሁሉ በፈረንሳይኛው ሼፉ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ይለው ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሲናገር ግን ኮፍያውን እያየ ነበር። በአባቴ ቦታ የተተካው ሠራተኛ ከአፍደም ጣቢያ ተዛውሮ እንደሚመጣ፣ ቤቱ የሥራ ቤት እንደሆነ፣ እስካሁን የቆየነውም ሰው ስለጠፋ እንደሆነ ነገራት። «ወይዘሮ አስካለ፣ በገና ዋዜማ ሰውየውን ከነሚስቱ ይዤው እመጣለሁ፣ ቤቱን ያያሉ። ከጥምቀት በኋላ ይገቡበታል» አላት። እናቴ እሺ አለች። የምንሄድበት ግን አልነበረም። ወላጆቿ ሞተዋል፣ ከደጋ ይዟት የመጣው አባቴ ነው፣ እሱም ከግራሩ ሥር ነው።

በማግስቱ ግን ተነሥታ ቤቱን ታስጌጥ ጀመር፤ እንደዚያ ያለ ማስጌጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም። የሚወሰደው ባዶ ቤት ነው፣ ሰው ያለበት፣ ያማረ ቤት ሲያዩ ያፍራሉ፣ ሚስትየዋም ሴት ናትና ታፍራለች ትለን ነበር። ደህናዋን ነጠላዋን ቀድዳ መጋረጃ አደረገችው። መስኮቱን ከባቡር በተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባችው። ጥሩነሽን ብርማ ወረቀት ፍለጋ እስከሚቀጥለው ድልድይ ድረስ ትልካት ነበር፤ እኔን ከጠዋት እስከ ማታ ኮከብ ታስቆርጠኝ ነበር። ያንን ግድግዳ ደግሞ ቢጫው ብቅ ባለ ቁጥር ትቀባው ነበር፤ ቀን ነጭ አድርጋው እንደምትውል፣ ጠዋት ስንነሣ ግን ሁለቱ እዚያው እንደሚጠብቁን አስታውሳለሁ።

አዲጋላ ላይ በበጋም ቢሆን ቀትር ሲሆን ሰው ይተኛል፤ ውሻው ከፉርጎ ሥር ይገባል፣ ፍየሎቹ በጣቢያው ጥላ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ቆርቆሮው ብቻ ጧ ጧ ይላል። ትልልቆቹ በቀትር ብቻችሁን አትሂዱ ይሉን የነበረው ለፀሐዩ ብቻ አልነበረም። በአንዱ ቀን ከጥሩነሽ ጋር ለግራሩ የሚሆን ጥጥ ልመና ከወጣን በኋላ፣ መቀሴን ረስቼ ብቻዬን ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዷል፤ ኤዶ ሐሊማ የምትሰጣት፣ ሱባግ የሚባለው የሶማሌ ቅቤ ሹሩባዋን አርሶ ያብረቀርቃል፤ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ግድግዳውን ተደግፋለች። ከጎኗ፣ ከፍ ብሎ፣ የአባቴ ራስ አለ። ዓይኗ ክፍት ነበር።

«ኮከቡን እበሩ ላይ ላድርገው፣ ወይስ እመስኮቱ?» አለች፣ ወጥ ጨው በቃው ወይ እንደምትል ባለ ድምፅ።  ሰው ሲናገር እንደሚያዳምጥ ሰው ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። «እሺ፣ እበሩ ላይ» አለች።

አልገባሁም። ከጣቢያው የውኃ ታንከር ሥር ሄጄ ጥላው ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩ፤ ማሰብ የምችል ልጅ ነበርኩ። ሁለተኛው ራስ ለምን ዝቅ እንዳለ፣ ለምን ሰፊና ሽንሽን እንደሆነ፣ ለምን እኛ ከቤት በወጣን ቁጥር እንደሚበረታ ሁሉ ገባኝ። ማንም እየጠራት አልነበረም፤ ቅቤዋ ነው፣ የሱም ግራሶ ነው፣ ኖራ ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። ለጥሩነሽ አልነገርኳትም፤ ነገሩ የተፈታልኝ እኔ ብቻ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዳሩ ግን ያቺን «እሺ» የምትለዋን ቃል አልፈታኋትም። ዛሬም አልፈታኋትም። ኮከቡ እበሩ ላይ ሆነ።

የገና ዋዜማ ደረሰ። ግድግዳው በጠዋት ተቀብቶ ደርቆ ነጭ ብሏል፤ የጥሩነሽ ሰንሰለት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተዘርግቶበት በሩ በተከፈተ ቁጥር ይንሿሿል፤ ጥጥ የለበሰው ግራር ቆሟል፤ ፋኖሱ ገና በቀን በርቷል። እናቴ ጫማ አድርጋ፣ ሻይ አፍልታ፣ እጇን እያሻሸች ከበሩ አትርቅም ነበር። ቤቱ ቆንጆ ነበር። እኔም ቆንጆ ስለሆነ እንደሚወስዱት ያን ጊዜ ገባኝ። ማን ነው ይህን ቤት አይቶ አልፈልግም የሚለው? ቤት ስላማረ ሰው ያፍራል ብላ የምታስበው እናቴ ብቻ ነበረች። ከጣቢያው በኩል ሲመጡ ሳያቸው፣ እንግዳ ሲመጣ አቧራው እንዳይነሣ ወለሉን እርጭ ስላለችኝ የውኃውን ጣሳ አነሣሁ።

ሼፉ፣ ከአፍደም የመጣው ሰውዬና ልጅ ያዘለች ሚስቱ ገቡ። ሴትየዋ በሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየችና ፊቷ በራ፤ ቤቱ እንዴት ያምራል፣ ይህን ሁሉ ማን ሠራው አለች። እናቴም ልጆቼ ናቸው ብላ፣ እንድትቀመጥ አግዳሚውን አሳየቻት። ሴትየዋ ልትቀመጥ ወደ አግዳሚው ስትጠጋ፣ እኔ ወለሉ ያንሸራተተኝ መስዬ የጣሳውን ውኃ በሙሉ ግድግዳው ላይ ደፋሁት።

ውኃው ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ኖራውም ከላይ ወደ ታች ጠፋ። መጀመሪያ የአባቴ ራስ መጣ፣ ከዚያ ትከሻው፤ ከዚያ ከጎኑ የእናቴ ራስ ከነሹሩባው። ያን ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅኩት ከሁለቱ መካከል፣ ከሁለቱም ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ሦስተኛ ራስ መውጣቱን ነው። ሦስቱ ተደጋግፈው፣ ብርማው ሰንሰለት አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንግዶቹን ያዩ ነበር። ከግድግዳው እግር ውኃው ጠብ ጠብ ይላል።

ሼፉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እርጥበት ነው» አለ።

«እርጥበት ራስ የለውም፣ ሼፍ» አለች ሴትየዋ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። ነጠላዋን ወደ ኋላ አዙራ ያዘለችውን ልጅ ፊት ሸፈነችው። «እኔ እዚህ ቤት ልጄን አላስተኛም። እነሱ ይኑሩበት።» ባሏን አላማከረችውም፤ ወጣች፤ እሱም ተከትሏት ወጣ። ሼፉ ትንሽ ቆሞ ግድግዳውን አየ፤ ከአባቴ ጋር ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነበርና ኮፍያውን አወለቀ፤ ለኛ ይሁን ለግድግዳው ያወለቀው አላወቅኩም። ሰውየው ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ያለውን ቤት ወሰደ። ስለ ቤታችን ሁለተኛ ያነሣብን አልነበረም።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ጣሳውን ከእጄ ተቀብላ አስቀምጣ ግድግዳው አጠገብ ሄደች፤ ትንሿን ራስ በመዳፏ ነካቻት፤ ዞራ ጥሩነሽን አየቻት። ጥሩነሽ አለቀሰች። እሷም፣ ያቺ ዓይኗን ጨፍና የምትሮጠው እኅቴ፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ በወጣች ቁጥር እዚያ ትቀመጥ ኖሯል። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ ግድግዳው ይሞቃል፣ እሱን እሱን ይሸታል፣ ሲያዩት ነው እንጂ ሲደገፉት አያስፈራም አለችኝ።

በዚያ ገና እናቴ ሰንሰለቱን ከማዕዘኑ አውርዳ በሦስቱ ራሶች ዙሪያ መልሳ ሰቀለችው። ግድግዳው ደርቆ መንጣት ሲጀምር እጇን ውኃ እየነከረች ትረጨው ነበር፣ ሰው አበባ እንደሚያጠጣ፤ በዓሉን በሙሉ እንደዚያ እያረጠበች አዋለቻቸው። ኤዶ ሐሊማ ወተት ይዛ መጥታ አየች፣ የጎደለውን ቆጥራ ይመስለኛል፣ ወደኔ ዞራ ፀጉሬን ዳሰሰችኝና ሄደች። ከሦስቱ ጎን በአግዳሚው ጫፍ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ነበር። እናቴ ያን ቦታ ሳይ አየችኝ። «ቦታህ አለ፤ አትቸኩል» አለችኝ። በፍቅር ነው ያለችው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ስቀመጥ በርጩማ ላይ ነበር የምቀመጠው፣ ከክፍሉ መሐል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን መስከረሞች፣ ገናዎችና ፋሲካዎች በዚያው ቤት አከበርን። እናቴ ኖራ መቀባቱን አልተወችም፤ ሰፈሩ ሲነጣ እኛም እንነጣ ነበር፤ እነሱም ይመለሱ ነበር። ጥሩነሽ ከዚያ ቤት ተዳረች፤ ገና በልጅነት ዕድሜዋ በመጀመሪያ ወሊድ ሞተች። እናቴ እሷን ብዙም ሳትቆይ ተከተለቻት፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ነው ያገኘኋት። ሰፈሩ ስለ ግድግዳው ያወራውን አወራ። እኔ የወሊድ ደም ነው፣ ሐዘን ነው እላቸው ነበር፤ እነሱም አንተ ብቻ ነህ ያልተደገፍክ ይሉኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሄድ ከጀመረ በኋላ፣ የልጅ ልጄን ይዤ አዲጋላ ሄጄ ነበር። አዲሱ ባቡር በወዲያ በኩል ሽው ብሎ ያልፋል፤ አሮጌው ጣቢያ ፍየል ይውልበታል። የቤታችን ቆርቆሮ ተወስዷል፤ ካራኑ በቀጥታ ስለሚገባበት ኖራው ተልጦ፣ ጭቃው ወርዶ፣ ያ ግድግዳ ድንጋዩ ብቻ ቀርቷል። ልጅቱ ምን ፈልገህ ነው የምታየው አለችኝ። የታሸገ ውኃ በእጄ ይዤ ነበር። ጠጣሁት፣ ተመለስን።

አሁን ቤት ማስጌጥ ሌላ ነገር ሆኗል። ግድግዳው ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ ልጆቹ የነኩበትን ምራቴ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ስትጠርገው ማንም እንዳልነበረ ይሆናል። መብራቱ ራሱ እየበራ ራሱ ይጠፋል። ዛፉ ከካርቶን ይወጣል፣ ወደ ካርቶን ይገባል። ከበዓሉ በኋላ በቤቱ የሚቀር ነገር የለም። ጎረቤቶቼ በዒድ፣ እኛ በገና፣ ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት መብራት ነው የምንገዛው፤ ያምራል፣ አላማረም አልልም። የኛ ቤት ግን አንድ ጊዜ የነካውን ሰው አይለቅም ነበር፤ ይህኛው ማንንም አይዝም፤ የትኛው እንደሚሻል ስጠየቅ መልስ የማጣበት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

የቀረውን ሠርቻለሁ። እናቴ ከቤቷ ሳትወጣ እንድትሞት ያደረግኩ እኔ ነኝ። እኅቴን ካጌጠ ቤት ድሬያለሁ። ሁለቱንም ከአባቴ አጠገብ ቀብሬያቸዋለሁ፣ የመቃብራቸውንም ድንጋይ ራሴ ፈልፍዬ ስማቸውን ጽፌበታለሁ። ያለ አስተማሪ አራት ቋንቋ ተምሬያለሁ። ከአዲጋላ በእጄ ከያዝኩት በቀር ምንም ሳልይዝ ወጥቼ፣ ጅጅጋ ላይ ቤት ሠርቻለሁ፤ ልጆቼን አስተምሬ፣ የልጅ ልጆቼን ደግሞ ከሰርዲን ቆርቆሮ ኮከብ መቁረጥ አሳይቻቸዋለሁ፤ አልወደዱትም እንጂ ያውቁታል። ከዕድሜ እኩዮቼ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዘንድሮም ሰማንያ ሊሞላኝ ምንም ሳይቀረኝ መሰላሉ ላይ ወጥቼ የቤቱን መብራት በሙሉ ሰቅያለሁ፤ መሰላሉንም ማንም አልያዘልኝም።